ኮረንቲ ከየት ወደ የት ይሄዳል?

በብቸናም ሆነ በሞጣ ኮረንቲ የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው የለም። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን እንኳ ልጅ እጁን ወደ ሶኬት ሲሰድ ባዩ ጊዜ «ተው! ኮረንቲ ይይዝሃል!» ብለው ይቆጣሉ። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም የሚሮጥ፥ የሚፈስ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ የሚሄድ ነገር መኖሩን ይመሰክራል። የሚሄድ ነገር ካለ ደግሞ ከየት ተነሥቶ ወደ የት እንደሚሄድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህችን አንዲት ጥያቄ በቁርጥ ለመመለስ የዓለም ሊቃውንት ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ደክመዋል።

ለዚህ የበዓል መጽሔት ሌላ ርእስ አጥተን አይደለም ይህን የመረጥነው። በፊዚክስ ትምህርታችን ኮረንቲ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ወጥቶ፥ በአምፖሉ በኩል አልፎ፥ ወደ ኔጌቲቭ ጫፍ ይገባል ተብሎ ይነገረናል። ጥቂት መሥመር ዝቅ ብሎ ደግሞ በሽቦው ውስጥ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች እንደሆኑና እነርሱም ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ እንደሚሄዱ ተጽፎ እናገኛለን። በዚህም የተነሣ በተማሪዎች መካከል ሦስት ወገን ተፈጥሯል። አንደኛው ወገን የፊተኛው ሐሰት ነው፥ ፈረንጆች በልማድ ይዘውት ቀሩ ይላል። ሁለተኛው ኤሌክትሮን የሚባለው ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር ነው ይላል። ሦስተኛውና ቁጥሩ የሚበዛው ሁለቱንም ሳይጠይቅ በቃሉ ያጠናል። ነገሩ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ከእኛ መካከል ነገ ወደ ሙያ ትምህርት ገብቶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን፥ በየገጠሩ የፀሐይ መብራት የሚተክል አለ። እርሱ የአንዱን መጽሐፍ አቅጣጫ ከሌላው መጽሐፍ ደንብ ጋር አደባልቆ ዳዮዱን ገልብጦ የበየደ እንደሆነ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ሳይሞላ ይመሻል፤ የገበሬውም ቤት በጨለማ ያድራል።

ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሪያው ማየት ይሻላል። የውጭ አገሩን ዘመን በኤውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገራችንን በራሳችን ዓመተ ምሕረት እንጽፋለን።

በ1733 ዱፌ የተባለው ፈረንሳዊ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ እንዳለ ገለጸ። አንደኛው መስተዋት ሲታሽ የሚገኘው፥ ሁለተኛው ሙጫና ሙጫ መሰል ነገር ሲታሽ የሚገኘው ነው። አንድ ዓይነት የሆኑት ይገፋፋሉ፤ ልዩ ልዩ የሆኑት ይሳሳባሉ። ከዚህ በኋላ በ1747 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ የነበረው የማተሚያ ቤት ባለቤት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሌላ አሳብ አመጣ። እርሱ እንደሚለው ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ የለም፤ በነገር ሁሉ ውስጥ የሚገኝ አንድ ፈሳሽ ብቻ አለ። ከልኩ በላይ የያዘው ሰው ወይም ዕቃ ፖዘቲቭ፥ ከልኩ ያነሰው ኔጌቲቭ ነው። ፍራንክሊን ይህን የተናገረው ሰዎችን በሰም ላይ አቁሞ ባደረገው ሙከራ ነው። ሰም ኤሌክትሪክን ወደ መሬት አያሳልፍምና አንዱ በሰም ላይ ቆሞ የመስተዋት ቱቦ ያሻል፤ ሁለተኛውም በሰም ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ ቱቦው አቅርቦ እሳቱን ይቀበላል። ሁለቱ እጅ ለእጅ በተቀራረቡ ጊዜ በመካከላቸው የሚዘለው ብልጭታ እያንዳንዳቸው መሬት ላይ ከቆመ ሦስተኛ ሰው ጋር ከሚያደርጉት የበረታ ነበር። ከዚህ ፍራንክሊን አንደኛው ጎድሎበታል፥ ሁለተኛው ተርፎታል፥ መሬት ላይ ያለው ልክ ነው ብሎ ፈረደ። የሒሳብ መዝገብ የሚያውቅ ነጋዴ አስተሳሰብ ነው፤ በጣምም ያማረ ነው።

ማን እንደጎደለበትና ለማን እንደተረፈው ግን በዓይን የሚታይ አልነበረም። ፍራንክሊን የታሸው መስተዋት ፈሳሹን ይቀበላል ብሎ ገመተና መስተዋቱን ፖዘቲቭ አለው። ዛሬ እንደምናውቀው ግን መስተዋት በሐር ሲታሽ ኤሌክትሮኖች ከመስተዋቱ ወጥተው ወደ ሐሩ ይሄዳሉ። የመደመር ምልክት የተሰጠው ለጎደለበት፥ የመቀነስ ምልክት የተሰጠው ለተረፈው ሆነ ማለት ነው። በዘመኑ ከዚህ የተሻለ ሊያውቅ የሚችልበት መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ መረጠ።

ብዙ መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ ዘግተው ጥፋቱን ሁሉ በፍራንክሊን ላይ ይጥላሉ። ለእኛ ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። ምክንያቱም በፍራንክሊን ዘመን ሳያቋርጥ በሽቦ የሚሄድ ኮረንቲ ገና አልታወቀም ነበር። እርሱን ያስገኘው በ1800 ጣልያናዊው ቮልታ የብርና የዚንክ ዝርግ ብረቶችን በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት በመካከላቸው እያስገባ ደራርቦ ባትሪን በሠራ ጊዜ ነው። ኮረንቲ አቅጣጫ እንዲኖረው በቃል የደነገገው ደግሞ ፈረንሳዊው አምፔር ነው፤ ዘመኑም 1820። አምፔር በአንድ ፈሳሽ አላመነም፤ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ በአንድ ሽቦ ውስጥ በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ የሚል ነበር። ሁለቱን ሁልጊዜ እየጠሩ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ የኮረንቲ አቅጣጫ ስንል የፖዘቲቩን መንገድ ማለታችን ነው ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ዛሬ በመጽሐፋችን የምናገኘው ቀስት በቀጥታ የአምፔር ቀስት ነው። እርሱ ራሱ ደግሞ ሌላው ወገን በተቃራኒው እንደሚጓዝ ያምን ነበር እንጂ አልካደውም።

አምፔር ለተማሪዎች የሚሆን ደስ የሚል ማስታወሻም ትቷል። አንድ ሰው በሽቦው ላይ ተጋድሞ ኮረንቲው በእግሩ ገብቶ በራሱ ይወጣል እንበል። ፊቱን ወደ ኮምፓሱ ካዞረ የመርፌው ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ግራ እጁ ይዞራል። በዓባይ ዳር ያደገ ልጅ ይህን ዋናተኛ በቀላሉ ሊያስበው ይችላል።

ስለ አቅጣጫው ከሁሉ ይበልጥ የተጠነቀቀው እንግሊዛዊው ፋራዴይ ነው። በ1834 ኮረንቲ ወደ ፈሳሽ የሚገባበትንና የሚወጣበትን በር ስም ለማውጣት ሲነሣ፥ የሚሄደው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅምና ነገ አሳቡ ቢለወጥ የማይለወጥ ስም ያስፈልጋል ብሎ አሰበ። ከዚያም ወደ ምድር ተመለከተ። የምድር ማግኔትነት ከኮረንቲ የሚመጣ ነው ቢባል ያ ኮረንቲ ምድርን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞራል ማለት ነው፤ ይኸውም የፀሐይ መንገድ ነው። ስለዚህ ዊዌል የተባለውን የቃላት ዐዋቂ አማክሮ በምሥራቅ በኩል ያለውን አኖድ፥ በምዕራብ በኩል ያለውን ካቶድ አለው። በግሪክ ቋንቋ የፊተኛው ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ፥ የኋለኛው ወደ ታች የሚወርድ መንገድ ማለት ነው። በግእዝ ምሥራቅ የሚለው ቃል ሠረቀ፥ ምዕራብም ዐረበ ከሚለው እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ፋራዴይ ምን ማለቱ እንደሆነ ያለ ግሪክኛ መዝገበ ቃላት ይገባዋል። አኖድን ምሥራቅ ብንለው ምን ይጎድላል? ይህን ግን ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወዋለን።

አሁን አንድ ነገር ሳይጠየቅ አይታለፍም። አቅጣጫው በግምት የተመረጠ ከሆነ፥ መቶ ዓመት ሙሉ ሲሠራበት እንዴት ስሕተቱ አልተገለጠም? ይህን ለመረዳት ሁለት ነጋዴዎችን እናስብ፤ አንዱ በብቸና፥ ሌላው በሞጣ የሚኖሩ። የሞጣው ነጋዴ መቶ ብር ወደ ብቸና ቢልክ የብቸናው ሀብት በመቶ ብር ይጨምራል፥ የሞጣው በመቶ ብር ይቀንሳል። ገንዘብ መላኩ ቀርቶ የብቸናው ነጋዴ ያለበትን የመቶ ብር ዕዳ የሞጣው ተረክቦ «እኔ እከፍላለሁ» ቢል ደግሞ የዕዳው ወረቀት ከብቸና ወደ ሞጣ ይጓዛል። አካሄዱ ተቃራኒ ነው፤ የሁለቱ ነጋዴዎች ሒሳብ ግን ያው ነው፤ የብቸናው መቶ ብር አተረፈ፥ የሞጣው መቶ ብር ጎደለበት። ፖዘቲቭ ወደ አንድ ወገን መሄዱና ኔጌቲቭ ወደ ሌላው ወገን መሄዱ እንደዚሁ ነው። አምፖሉ እኩል ይበራል፥ ምጣዱ እኩል ይግላል፥ የኮምፓሱም መርፌ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። የኦም ሕግ በ1827 ሲወጣ ስለ ተጓዡ ማንነት አንድም ቃል አላስፈለገውም።

በሽቦው ውስጥ ገንዘብ ወይስ ዕዳ እንደሚጓዝ የሚለይ ሙከራ የተገኘው በ1879 ነው። ያገኘውም ኤድዊን ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ነው። ተማሪ መሆኑን ልብ ይሏል። ሆል ኮረንቲ የሚያልፍበትን ስስ የወርቅ ቅጠል በብርቱ ማግኔት መካከል አኖረ። ማግኔት ተጓዡን፥ ፖዘቲቭ ሆኖ ወደ ፊት ቢሄድም ኔጌቲቭ ሆኖ ወደ ኋላ ቢሄድም፥ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይገፋዋል። ስለዚህ በዚያ ጎን የሚከማቸው ምን ምልክት እንዳለው ከታወቀ ተጓዡ ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው። በወርቁ ጎን የተከማቸው ኔጌቲቭ ነበር።

እዚህ ላይ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ አካባቢ፥ በቅኔ አገር ላደግን ልጆች አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ያስወቅሰናል። ፍራንክሊን የፊተኛውን ትርጉም የሰጠው በሰም ላይ በቆሙ ሰዎች ነው፤ የተሰወረው ትርጉም የተገኘው በወርቅ ነው። ሆል ወርቅን የመረጠው ቅኔ ተምሮ ሳይሆን ወርቅ ከብረታ ብረት ሁሉ ይልቅ ስስ ሆኖ ሊቀጠቀጥ ስለሚችል ነው። ቢሆንም አጋጣሚው ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላለቀም። ሆል በማግሥቱ ዓመት በብረት ቢሞክረው ውጤቱ ከወርቁ ተቃራኒ ሆኖ አገኘው። በወርቅ ኔጌቲቭ፥ በብረት ፖዘቲቭ! ስለዚህ ማንም ደፍሮ ሊፈርድ አልቻለም። ይህ እንቆቅልሽ የተፈታው ከሃምሳ ዓመት በኋላ፥ በ1929 ገደማ፥ ፓየርልስ የተባለው ሊቅ በአዲሱ የኳንተም ትምህርት ባስረዳ ጊዜ ነው። በአንዳንድ ነገር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ተጨናንቀው ሳሉ ባዶ ቦታ ይገኛል፤ ባዶው ቦታ ራሱ እንደ ፖዘቲቭ ተጓዥ ይሠራል። በወፍጮ ቤት ተሰልፈው ከሚጠብቁት ሰዎች የፊተኛው እህሉን ይዞ ሲገባ ቦታው ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ወደዚያ ይጠጋል፥ ሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ቦታ ይጠጋል። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ ፊት ሲሄዱ ባዶው ቦታ ወደ ኋላ ይሄዳል። በትራንዚስተርና በፀሐይ መብራት ሰሌዳ ውስጥ እንዲህ ያለው ባዶ ቦታ ከኤሌክትሮኑ እኩል ሥራ አለው።

በዚህ መካከል ኤሌክትሮኑ ራሱ ተገኝቷል። ስሙን በ1891 ስቶኒ የተባለው አየርላንዳዊ አወጣለት፤ መኖሩን በ1897 እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን በካምብሪጅ አረጋገጠ። በብረት ሽቦ ውስጥ የሚጓዘው እርሱ መሆኑን ግን በ1916 ቶልማንና ስቱዋርት የተባሉ አሜሪካውያን በግልጽ አሳዩ። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ አውቶቡስ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ይወረወራል። እነርሱም የሽቦ ጥቅልል በፍጥነት አሽከርክረው በድንገት አቆሙት። ሽቦው ሲቆም በውስጡ ያሉት ተሳፋሪዎች ጉዟቸውን ጥቂት ቀጠሉ። በመሣሪያ ሲለካ ተሳፋሪዎቹ ኔጌቲቭ ሆነው ተገኙ፤ ክብደታቸውም ከኤሌክትሮን ክብደት ጋር የተቀራረበ ሆነ።

እንግዲህ በ1916 እውነቱ ከታወቀ ለምን ቀስቱን አልገለበጡትም ይባላል። የዕዳውን ምሳሌ ያስታወሰ ሰው መልሱን ያገኘዋል፤ ሒሳቡ ያው ስለሆነ በመቶ ዓመት የተጻፈውን መጽሐፍ ሁሉ ማረም ትርፍ የለውም። ከዚህም የበለጠ ምክንያት አለ። ኮረንቲ የሚሄደው በሽቦ ብቻ አይደለም። በመኪና ባትሪ አሲድ ውስጥ፥ በጨው ውሃ ውስጥ፥ ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም በአንድ ጊዜ በተቃራኒ መንገድ ይጓዛሉ። አያቶቻችን ኮረንቲ ይይዝሃል ሲሉ የሚያስፈራሩን የሰውነት ውስጥ ኮረንቲም እንዲህ ያለ ነው፤ በሥጋችን ውስጥ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች ብቻቸውን ሳይሆኑ የጨው ክፋዮች ናቸው።

ከሞጣ በስተሰሜን በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገር መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፥ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ በክፍተቱ ላይ ይሻገር ነበር። ከወዲህ ወደዚያ የሚሄድ አለ፤ ከዚያ ወደዚህ የሚመጣ አለ። አንድ ሰው ቆሞ የመሻገሪያው አቅጣጫ ወደ የት ነው ብሎ ቢጠይቅ ምን ይባላል? ወይ ሁለቱንም ይቆጥራል፥ ወይ ከሁለቱ አንዱን መርጦ እንስማማ ይላል። አምፔር ያደረገው የኋለኛውን ነው። ስለዚህ «የኤሌክትሮኑ መንገድ እውነተኛ፥ የመጽሐፉ ቀስት ሐሰተኛ» የሚለው የመጀመሪያው ወገን ክርክር ለሽቦ ብቻ ይሠራል፤ ከሽቦ ሲወጣ ይወድቃል።

ያም ሆኖ በኤሌክትሮኑ መንገድ የሚያስተምሩ መጻሕፍት አሉ። የድሮው ሬዲዮ አምፖል በሚሠራበት ዘመን ኤሌክትሮን ከጋለው ክር ተነሥቶ በባዶው ውስጥ ወደ ፖዘቲቩ ሰሌዳ ሲዘል የሚታሰብ ስለሆነ፥ በተለይ በአሜሪካ የሬዲዮ ጠጋኞችና የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መጻሕፍት ይህን መንገድ መረጡ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የግራ እጅን ደንብ ያስተምራል፤ አውራ ጣት በኤሌክትሮኑ መንገድ ሲዘረጋ የቀሩት ጣቶች የማግኔቱን ዙሪያ ያሳያሉ። የእኛ የፊዚክስ መጽሐፍ ደግሞ በቀስቱ መንገድ የቀኝ እጅን ደንብ ያስተምራል። ሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣሉ። የአንዱን እጅ ከሌላው ቀስት ጋር ያጋባ ተማሪ ግን ሰሜንን ደቡብ ይለዋል። በዳዮድና በትራንዚስተር ሥዕል ላይ ያለው ቀስትም በማንኛውም መጽሐፍ የአምፔር ቀስት ነው፤ በኤሌክትሮን የሚያስተምሩትም ኤሌክትሮኑ ቀስቱን ተቃውሞ ይሄዳል ይላሉ እንጂ ሥዕሉን አልለወጡም። መሣሪያ የሚጠግን ሁሉ መጽሐፉን ሲከፍት አስቀድሞ በየትኛው እንደተጻፈ ይመልከት።

ስለ ፍጥነቱም ጥቂት እንበል፤ በዚህ ላይ የሚደረገው ክርክር ከአቅጣጫው አይተናነስምና። ኮረንቲ እንደ መብረቅ ፈጣን ነው ሲባል ብዙዎች ኤሌክትሮኑ የሚሮጥ ይመስላቸዋል። የአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ አንድ አምፔር የባትሪ ኮረንቲ ቢያልፍ፥ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ ወደ ፊት የሚገፉት በሰዓት 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀንድ አውጣ ይቀድማቸዋል። ከብቸና እስከ ሞጣ አሞራ እንደሚበርበት ቀጥታ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ አካሄድ ከብቸና የተነሣ ኤሌክትሮን ሞጣ የሚደርሰው ከ35 ዓመት በኋላ ነው፤ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ሃምሳ ዓመት ሲሆነው ማለት ነው። ማብሪያው ሲነካ ግን ግፊቱ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሞጣ ይደርሳል። ውሃ በሞላበት ቧንቧ በአንድ ጫፍ ሲገፋ በሌላው ጫፍ ወዲያው እንደሚፈስ ያለ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ባትሪ ነው። በቤታችን የሚበራው መብራት ሌላ ጠባይ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥታቸውን በኤሌክትሪክ ካስበሩ ወዲህ፥ በ1948 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. ከጣና በታች የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በጉባ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከእነዚህ የውሃ ማመንጫዎች የሚወጣው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ስለዚህ በብቸና አምፖል ውስጥ ኮረንቲው ከየት ወደ የት ይሄዳል ቢባል፥ በሰከንድ መቶ ጊዜ መልሱ ይለወጣል። ኤሌክትሮኑም በአንድ ምልልስ የሚርቀው ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ ነው። በመንገዱም ላይ በየትራንስፎርመሩ ሁለት የተለያዩ የሽቦ ጥቅልሎች አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ኃይሉ ብቻ ነው፥ ኤሌክትሮን አይሻገርም። በብቸናና በሞጣ አምፖሎች ውስጥ ዛሬ ማታ የሚወዘወዙት ኤሌክትሮኖች ከዓባይ አልመጡም፤ ሽቦው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እዚያው ያሉ ናቸው።